ኤሊው፣ ግንቡና ማሳው
(«የዐድዋ መንፈስ» በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ)

በጨዋታ ዓለም «ኤሊ» የሚባል ስድብ አለ። ስድቡ የሚወረወረው የጦርና የመንግሥት ጨዋታ ሲጫወት ከተማውን አጥሮ፣ ግንቡን ደርቦ፣ ቀስተኛውን ከኋላ አስቀምጦ፣ «እስቲ ና!» ብሎ በሚጠብቅ ተጫዋች ላይ ነው። እኛ የዋጃና የቆቦ ልጆች ለዕረፍት ወደ አገር ስንገባ፣ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አምስት ስድስት ሆነን በተሰበሰብን ቁጥር ክርክሩ ከዚሁ ስድብ ይነሣል። ግማሹ «ወንድ ከሆንክ ውጣ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ያሸነፈ አሸነፈ ነው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» ብሎ ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገን ጥያቄውን ስቶታል። መከላከል ፈሪነት ነው ወይስ ብልህነት እያሉ መነታረክ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት፣ ተከላካዩ የሚከላከለው ምንን ነው? የሚለው ነው።

በዚህች መጽሔታችን ግጥም ተሂሷል፣ ልብ ወለድ ተሂሷል፣ ቴአትርም አልቀረለትም። ጌም ግን «የልጆች ነገር» ተብሎ ታልፏል። ለመሆኑ ጌም ደራሲ የለውም? አቋምስ የለውም? አለው እንጂ! ልብ ወለድ ደራሲው ገጸ ባሕርይ እንደሚቀርጽ፣ የጌም ደራሲ ሕግ ይደነግጋል። የቱ ድርጊት እንደሚሸለም፣ የቱ እንደሚቀጣ፣ የቱ ደግሞ ከቁጥር እንደማይገባ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ አስተያየቱን የምናገኘው በሕጉ ውስጥ ነው፤ ሂሳችንም በዚያው ላይ ያርፋል።

የመረጥነው «ሲቪላይዜሽን 5»ን ነው። በሲድ ማየር ስም እ.ኤ.አ. በ1991 ከተጀመረው ተከታታይ ጨዋታ አምስተኛው ሲሆን የወጣው በ2010 ነው። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይዞ ከጥንት ዘመን ተነሥቶ እስከ ሕዋ መርከብ ዘመን ድረስ በየተራው ይመራል። ኢትዮጵያ በዚህ ክፍል የገባችው በ2012 በወጣው «ጎድስ ኤንድ ኪንግስ» በተባለው ተጨማሪ ነው፤ መሪዋም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሦስት ስጦታ ተሰጥቷታል። አንደኛው «የዐድዋ መንፈስ» ይባላል፤ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ 20 በመቶ ብርታት ይጨመርለታል። ሁለተኛው «መሐል ሰፋሪ» ነው፤ ጠመንጃ ያዥ እግረኛ ሆኖ ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። ሦስተኛው ሐውልት ነው፤ ገና ከጅምሩ የእምነት ነጥብ ያስገኛል።

የእነዚህ ሕጎች ድምር ምን ይሆናል? ተጫዋቹ ሦስት ወይም አራት ከተማ ይቆረቁራል፤ ከዚያ በላይ ቢሰፋ ስጦታው ይቀንስበታልና በዚያው ይረጋል፤ ግንቡን ይሠራል፤ ዕውቀቱን ያከማቻል። በአጭሩ ጨዋታው ኢትዮጵያን የያዘውን ሰው በሕግ ኤሊ አድርጎታል ማለት ነው።

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚክሰው ሰፊውን ነው፤ ብዙ መሬት፣ ብዙ ከተማ፣ ብዙ ጦር። እዚህ ግን ትንሽ መሆን ራሱን የቻለ ክብር አግኝቷል። ባላጋራ በሰፋ ቁጥር በትንሹ ፊት እየከበደው ይሄዳል። ይህ ደራሲዎቹ ስለ ዐድዋ አንድ ነገር እንደገባቸው ያሳያል። ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የገባቸው።

የመጀመሪያው ጉድለት መሐል ሰፋሪው ላይ ነው። መሐል ሰፋሪ ማለት በሰፈሩ መካከል፣ በንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍር የራሱ የንጉሡ ጦር ነበር። «መሐል» የተባለው እንግዲህ ድንኳን ነው። ድንኳን ይነቀላል፣ ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። ምኒልክ ጦራቸውን ወረኢሉ ላይ ከተት አሰኝተው፣ ወሎን አቋርጠው ትግራይ ሲገቡ መሐሉም አብሯቸው ሄዷል። ጨዋታው ግን ያንን ተንቀሳቃሽ መሐል ወስዶ በአንድ ከተማ ላይ ቸነከረው። በጨዋታው ሕግ ቢሆን የምኒልክ መሐል ሰፋሪ ዐድዋ ሲደርስ ከአዲስ አበባ እጅግ ስለራቀ ብርታቱ ባለቀ ነበር! በስሙ የምንጠራውን ድል ራሱን የሚያስቀር ሕግ ምን ይሉታል?

እስቲ ዐድዋን ራሱን እንየው። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣልያን ጦር ምሽጉን የለቀቀው ግንቡ ስለፈረሰ ሳይሆን ውሃው ስለተያዘበት ነው፤ በዚህ ምክር የእቴጌ ጣይቱ ስም ይነሣል። እዚያ ላይ ኤሊው ጣልያን ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ቆሙ፤ ባራቲየሪ ከምሽጉ አልወጣ፣ ምኒልክም ምሽግ ላይ ጦራቸውን ሊያስፈጁ አልፈለጉ። በሁለቱም ሰፈር ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር። ከሮም የክሪስፒ መንግሥት ባራቲየሪን ይጎተጉተዋል። ትዕግሥት ቀድሞ ያለቀበት እሱ ሆነና በየካቲት 22 ሌሊት ጦሩን አንቀሳቀሰ፤ በጨለማውና በተሳሳተው ካርታ ምክንያት ክፍሎቹ ተለያዩ፤ የካቲት 23 ቀንም የተለያዩትን የኢትዮጵያ ጦር በየፊናቸው መታቸው።

ከዚህ የምንማረው የመከላከል ሰዓቱ እህል መሆኑን ነው። የሚጠብቅ ሁሉ እየበላ ይጠብቃል፤ የሚበላው ደግሞ የአንድ ገበሬ ጎተራ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የሰፈረበት አገር ገና ከክፉ ቀን ረሃብ ያላገገመ አገር እንደነበረም አንርሳ። «ሲቪላይዜሽን 5» ውስጥ ግን ሠራዊት ወርቅ ያስወጣል እንጂ እህል አይበላም። መቶ ተራ ቢቀመጥ አይርበውም። እንግዲህ ትዕግሥት ዋጋ ካላስከፈለ ትዕግሥት ነው ይባላል ወይ?

ሁለተኛውና ትልቁ ጉድለት ማሳው ላይ ነው። በጨዋታው ከተማ ራሱ ይዋጋል፤ ጦር ባይኖረውም ከግንቡ ላይ ሁለት እርምጃ ድረስ ይተኩሳል። ጠላት መጥቶ ከግንቡ ውጭ ያለውን እርሻ ቢያወድም ኤሊው አይደነግጥም፤ ጠላት ሲሄድ ሠራተኛ ልኮ በጥቂት ተራ ያስጠግነዋል። እንዲያውም ወራሪው ወታደር ማሳ ባወደመ ቁጥር ቁስሉ ይሽርለታል። ከግንቡ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚያይ ተጫዋች «ይዝረፍ፤ ከተማዬ አልተነካም» ይላል። ከተማው ካልወደቀ ተከላክሏል ማለት ነው።

ዋጃ ላይ ቆሞ ይህንን የሚያምን ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 6» በ2020 ምኒልክን ሲጨምር ለኢትዮጵያ የሰጠው ስጦታ ኮረብታ ላይ ለሚዋጋ ሠራዊት 4 ነጥብ ነው። ደራሲዎቹ አገራችንን ከዳር እስከ ዳር ተራራ አድርገው ያዩአት ይመስላል። ዋጃ ግን ሜዳ ነው። ተራራው በምዕራብም በምሥራቅም ቆሞ ያየናል እንጂ አልወጣንበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጦር የተመላለሰበትም ይኸው የራያ ሜዳ ነው። እንግዲህ ለሜዳ ሰው መከላከል ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱን ማሽላ ሲያሽት ማየት ይቻላል። ግሪሳ ሲመጣ የራያ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ አይቀመጥም። ማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል፣ ይወነጭፋል። ግሪሳን አሳዶ ሊፈጅ አይመኝም፤ የሚፈልገው ወፏ ያለ እህሉ እንድትሄድለት ነው። ይህ ሰው አጥቂ ነው? አይደለም። ኤሊ ነው? እሱም አይደለም። ከቤቱ ወጥቶ የሚከላከል ሰው ነው።

ጎርፉንም እንዲሁ እንመልከት። ደጋው ላይ ሲዘንብ ውሃው ከምዕራቡ ተራራ ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ይወርዳል፤ ከበረታ ማሳ ጠርጎ ይሄዳል። ገበሬው ግንብ ሠርቶ ልግታህ አይለውም፤ ቢለውም አይችለውም። ጎርፉን ይጠልፈዋል፤ በቦይ ከፋፍሎ ወደየማሳው ያገባዋል። የተባበረው ጎርፍ ጠላት ነው፤ የተከፋፈለው ጎርፍ እርጥበት ነው። ዐድዋ ላይ የተለያዩትን ክፍሎች በየፊናቸው መምታትና ጎርፍን መክፈል፣ በእኛ ዓይን አንድ ዓይነት ብልሃት ነው። እንዲህ ያለ መከላከል በጨዋታው ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም።

ግንብ ብቻውን እንደማያድን ለማስረዳት ሩቅ አንሄድም፤ የወሎዋ መቅደላ ትበቃለች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወደ አሮጌ ወርዶ በእንግሊዞች ፈጣን ጠመንጃ ተመታ፤ በሦስተኛው ቀን አምባው ተያዘ። ግን መቅደላ የወደቀችው ያን ቀን ነው እንዴ? የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ መቅደላ ድረስ ብዙ የሚያግደው ሳያገኝ፣ እህልና ድርቆሽ በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ ነው የደረሰው። አገሩ ከንጉሡ ተለይቶ ነበር። ማሳው ቀድሞ ሄዷል፤ ግንቡ የተከተለው በኋላ ነው።

«ወንድ ከሆንክ ውጣ!» ለሚለውም ወገን መልሱ ሩቅ አይደለም። ከዋጃ በአላማጣ አልፎ፣ ግራ ካሕሱን ወጥቶ፣ በኮረምና በአሸንጌ በኩል ማይጨው ይደረሳል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚያ የኢትዮጵያ ጦር ወጥቷል። ወንድነትማ ምን ጎደለው! ከፊቱ ግን የመሸገ ጠላት፣ መትረየስ፣ መድፍና አውሮፕላን ነበር። ያን ቀን በምሽግ ውስጥ የጠበቀው ባላጋራ ነው፤ ያሸነፈውም እሱ ነው። ድፍረት ሰዓቱንና ቦታውን ካልመረጠ ለባላጋራው ስጦታ ይሆናል።

አንዳንዱ «ይህን ሁሉ ከጌም መጠበቅ አይበዛም?» ይል ይሆናል። አይበዛም። የራሳችን ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመረ ገበታ ብዙ ነገር ችሏል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባወጡት ጥናት እንደተመዘገበው፣ ጨዋታው የሚጀምረው «ወረራ» በሚባል ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። በወረራ ጊዜ የሚከላከል ሰው ቁጭ ማለት አይችልም፤ እጁ ይሠራል፣ ዓይኑ የባላጋራውን እጅ ይከተላል። ጓዱን ሁሉ ያጣ ባዶ ንጉሥም አይገደልም። አንድ ጨርቅና ጥቂት ጠጠር መከላከልን ሥራ፣ ድልንም ሥነ ሥርዓት ያለው ነገር ማድረግ ከቻሉ፣ ይህን ሁሉ ስሌት የሚሠራ መኪና ምን ያግደዋል?

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። «የዐድዋ መንፈስ» ትንሹን ማክበሩ ይመሰገንለታል። ነገር ግን መከላከልን በግንቡ መቆም ይለካል፤ ማሳውን ግን ከሒሳብ አያስገባም። እኛ ብንደነግግ ሕጉን በሦስት ቦታ እንለውጠው ነበር፤ የተቀመጠ ጦር ከቅርቡ ማሳ እህል ይብላ፤ መሐል ሰፋሪው ከከተማው ተነቅሎ ከመሪው ድንኳን ጋር ይሂድ፤ የተዘረፈ እርሻም እስከሚቀጥለው መኸር አይጠገን። ያን ጊዜ ኤሊው አንገቱን ለማውጣት ይገደዳል፤ «ውጣ!» ባዩም ከመውጣቱ በፊት ጎተራውን ያያል።

እስከዚያው በየዶርሙ ይህን ጨዋታ ለምትጫወቱ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ሲያልቅ ስንት ከተማ እንደቀረላችሁ ከመቁጠራችሁ በፊት ከግንቡ ውጭ ስንት እርሻ እንዳልተቃጠለ ቁጠሩ። በዚህ ሒሳብ የማይስማማ ካለ ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው።