ያረጀ መኪና ሁሉ ክብር ይገባዋልን?

ብዙ የሆነ ነገር ይናቃል፤ ሲያልቅ ይፈለጋል። ይህ የሰው ልጅ የቆየ ጠባይ መሆኑን ያስተዋልሁት በአምቦ ከተማ ዳር ከሚገኝ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። በዚያ ጎማው የወለቀ፥ ቀለሙ የረገፈ አንድ ኤንትሬ ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱም በኪሎ ሒሳብ ለብረት ነጋዴ ሊሸጠው ተስማምቷል። የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ ግን «የአምቦን ውሃና የጊንጪን ጤፍ አዲስ አበባ ሲያደርስ የኖረ መኪና እንዴት እንደ ቆርቆሮ ይሸጣል?» እያሉ ያዝኑ ነበር። አብሮን የቆመ አንድ ወጣት ሳቀና፥ «አባባ፥ ይህ ጭስ ከመትፋት በቀር ምን ያውቃል? ተጠብቆ መቀመጥ የሚገባው የጃንሆይ መኪና ነው» አላቸው።

በዚያን ጊዜ ከማን ወገን እንደምቆም አላወቅሁም። ዛሬ ግን ነገሩን መርምሬ ፍርዴን ለእናንተ ለወጣቶች እጽፋለሁ።

አስቀድሜ የወጣቱን ቃል ልመልከት። በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ የተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ከሚያሳያቸው ነገሮች መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አውቶሞቢሎች ይገኙበታል። እነርሱን መጠበቅ የተገባ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከዚያው ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ፥ የተሳፈሩት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር። እንግዲህ የመኪና ክብር በዋጋው የሚለካ ቢሆን፥ ያን ቀን ከታሪክ መዝገብ ልንፍቀው ነው። ታሪክ ሲመጣ በር ላይ የቆመውን መኪና ይሳፈራል እንጂ ስንት ተገዛ ብሎ አይጠይቅም።

ያችው የቮልስዋገን ዓይነት በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ሥራዋ አበቃ። በዘመኗ የመምህርና የጸሐፊ መኪና ነበረች፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ወዳጆቿ ፈልገው ይገዟታል፥ ያድሷታልም። ይህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሲያድሷት የሚያደርጉትን ሳይ አዝናለሁ፤ ቀለሟን እንደ ከረሜላ ያብረቀርቁታል፥ ወንበሯን ይለውጣሉ፥ ሰፋፊ ጎማ ያጠልቁላታል። ያማረች ትሆናለች፤ የኖረችውን ኑሮ ግን ታጣለች። ሽማግሌን የሙሽራ ልብስ ማልበስ ማክበር አይባልም።

ሌሎቹ መኪናዎች ደግሞ ይህን ያህል እንኳ ወዳጅ አላገኙም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችው ፊያት 600፥ ማለት ሰይቼንቶ፤ በፊያት 124 አምሳል በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ላዳ፤ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ስለሚቀመጡባት ውይይት የተባለችው ፔዦ፤ እንዲሁም ኤንትሬ የምንለው የፊያት 682 ካሚዮን፥ እነዚህ ሁሉ ብዙ ሠርተው ጥቂት ተመስግነዋል።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ካሚዮኑን በደንብ ያውቀዋል። አጤ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በአገራችን ከቀደሙት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። በኋላ መንገዱ ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ፥ ከዚያም ወደ ጉደር፥ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ ዘለቀ። በዚህ መንገድ ኤንትሬ እህል ጭኖ ተመላለሰበት፤ በእህሉም ላይ አውቶቡስ ያመለጠው ተማሪ፥ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ፥ ከገበያ የምትመለስ እናት ተሳፈሩበት።

ደግሞም ካሚዮኑን የሠራው የቱሪኑ ፊያት ቢሆንም፥ ዕድሜ የሰጠው የእኛ አገር መካኒክ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ መኪና ባሌስትራ እያወጣ፥ ፍሪሲዮኑን በእጁ እየጠገነ፥ የተሰበረውን እየበየደ አቆየው። ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን፥ ጎሚስታ የሚሉት የጣሊያን ቃላት እንኳ በጋራዥ ቋንቋችን ሥር ሰደዋል። ስለዚህ በኤንትሬ ገላ ላይ የሚታየውን የብየዳ ጠባሳ እኔ እንደ መካኒኩ ፊርማ እቆጥረዋለሁ።

ይህን ስል ወጣቱ ከንቱ ተናገረ ማለቴ አይደለም። ጭሱ እውነት ነው፤ ፍሬኑ የማይታመን መኪናም ቁልቁለት ላይ ሰው ይፈጃል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ይመላለስ አልልም፤ በክብር ይቁም እላለሁ። ያረጀ ሁሉም ቅርስ አይሆንም፤ የተጣለው ሁሉ ይቀመጥ ብንል አገሩ የብረት መቃብር ይሆናል። ባለጠጎች «ክላሲክ» የሚሉትን ስም ለመስጠት ዋጋውን ይመለከታሉ፤ እኔ ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ለስንት ሰው አገለገለ? የማን እጅ አቆየው? የኖረውን ኑሮ ሳይደብቅ ያሳያልን? ለሦስቱ መልስ ካለው፥ ከየዓይነቱ አንድ ማስቀረት ይበቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስናስብ ደግሞ፥ ዛሬ ያልጠበቅነውን ነገ ገዝተን እንደማንተካው ግልጽ ነው።

ከወራት በኋላ ወደ አምቦ ብመለስ ካሚዮኑ ተቆራርጦ ሄዷል። ሽማግሌው ለማስቀረት የቻሉት መሪውን ብቻ ነበር። «ይህን ለማን አሳየዋለሁ?» አሉኝ። እኔም አፈርሁ፤ በመጀመሪያው ቀን መኪናውን ማስቀረት ባልችል እንኳ፥ ታሪኩን ጠይቄ መጻፍ እችል ነበርና። ያን ዕለት አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው፤ ሞተሩን ስንት ጊዜ እንዳወረዱት፥ በክረምት ጭቃ የት የት እንደ ተያዘ፥ ረዳቶቹ ኋላ ምን ላይ እንደ ደረሱ እስኪመሽ ድረስ ነገሩኝ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ በከተማችሁ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ አሮጌ መኪና ብታዩ፥ ስንት ያወጣል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ሲጠግነው የኖረውን ሰው ፈልጉ፤ ደብተርም ይዛችሁ ሂዱ። ብረቱን ማዳን ባትችሉ እንኳ የሰውየው ዕውቀት ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር ታደርጋላችሁ።