ለላብራቶሪው የታከመ፣ ለልጁ ያልታከመ አፈር

በእርሳስ (ሊድ) የተበከለ የፋብሪካ ግቢ ሲገኝ እኛ መሐንዲሶች ቶሎ የምናነሳው መፍትሔ አለ፦ አፈሩን በሲሚንቶ ወይም በፎስፌት አክሞ በላዩ ንጹሕ ሸክላ አፈር ማልበስ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሪፖርት ላይም ያምራል። ችግሩ ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በተሳሳተ ጥያቄ መሆኑ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ የተባለለትን ዕድሜ ላይቆይ ይችላል።

እስቲ ፑኝዶን መፈተኛ እናድርጋት። በጋምቤላ ክልል ጎግ ወረዳ፣ ከጊሎ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ፣ ለዓመታት የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለለች ከተማ ናት። የፋብሪካ ከተማ አይደለችም። እርሳስ ግን ፋብሪካ አይጠብቅም። በአንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ እርሳስ አለ። የሞተ ባትሪ በመዶሻ ተሰብሮ እርሳሱ የሚቀልጥበት ማንኛውም ግቢ ትንሽ የኢንዱስትሪ ቦታ ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ ምርመራውን እንይ። የታከመ አፈር "አልፏል" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቲሲኤልፒ በሚባል ፍተሻ ነው። አፈሩ በደካማ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ለ18 ሰዓት ያህል ይናጣል። በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሟሟው እርሳስ ከ5 ሚሊግራም በታች ከሆነ አለፈ ይባላል። ፍተሻው የተሠራው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተቀበረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርግ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ልጅ ግን ቆሻሻ መጣያ አይደለም። መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን ይልሳል፣ አፈርም ይበላል። የሆድ አሲድ ደግሞ ከዚያ አቼቶ በጣም ይበረታል። ሲሚንቶ አሲዱን አርክሶ ፍተሻውን ያሳልፋል፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ያ እርሳስ መልሶ ሊሟሟ ይችላል። ፎስፌት የተሻለ ነው፤ እርሳሱን ፓይሮሞርፋይት ወደሚባል በቀላሉ የማይሟሟ ማዕድን ይለውጠዋል። ቢሆንም ለውጡ ጊዜና ተስማሚ ኬሚስትሪ ይፈልጋል። የተረፈው ፎስፌት ደግሞ በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ከገባ አልጌ ያበዛል። ሆድን የሚመስል፣ በፒኤች 1.5 እና በሰውነት ሙቀት የሚሠራ ፍተሻ አለ። ታዲያ ለምን እሱን አንጠይቅም?

ቀጥሎ ሽፋኑ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ንጹሕና ቀጥ ያለ ነው፤ ከታች የተበከለው፣ በላዩ ጂኦቴክስታይል፣ ከዚያ ሸክላ፣ ከላይ ሣር። በጋምቤላ ሜዳ ግን መረሬ አፈር አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሽፋኑ ከዚሁ አፈር ከተሠራ ስንጥቁም አብሮ ይመጣል። ምስጥ ከጥልቅ አፈር እያወጣ ኩይሳ ይሠራል፤ ከላይ ያለውን ከታች ካለው አይለይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አለ። በጭቃ ቤት በሚሠራበት አካባቢ ጥሩ ሸክላ የግንባታ ዕቃ ነው። ተጠቅጥቆ የተቀመጠ ምርጥ ሸክላ ለመሐንዲሱ መከላከያ ነው፤ ግድግዳ ለሚለስን ሰው ግን የተዘጋጀ ጭቃ ነው። አጥርና ጠባቂ ባለው፣ በኮንክሪት በተሸፈነ ግቢ ሽፋን ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሽፋን ማለት የማያቋርጥ ጥገና ማለት ነው። ለ30 ዓመት ማን ይጠግነዋል የሚለው መልስ ከሌለው ብክለቱን አላስወገድነውም፤ ለልጆቻችን በውርስ አስቀመጥነው እንጂ።

የተሻለ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት፣ እርሳስ ያለበት የወርቅ ድንጋይ በየመንደሩ ሲፈጭ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። እዚያ የተመረጠው የግቢውን የላይኛ አፈር ጠርጎ ማውጣት፣ ለይቶ መቅበርና በንጹሕ አፈር መተካት ነው። ባጌጋ በተባለችው መንደር ድንበር የለሽ ሐኪሞች ሕክምናውን የጀመሩት በ2013 አፈሩ ሲጸዳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጅን አክሞ ወደ ተበከለ ግቢ መመለስ ምን ዋጋ አለው?

ማንሳት ውድ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። መዘግየትም ግን ዋጋ አለው። በሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ ሰፈር ያገለገሉ ባትሪዎችን ያቀልጥ የነበረው ፋብሪካ በ2014 ተዘጋ። ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈልና አካባቢው እንዲጸዳ የወሰነው በ2020 ነው። በእኛም አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ይላል።

ስለዚህ የማጽዳት ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የታከመው አፈር በሆድ አሲድ ተፈትኗል? ሽፋኑ ለዚያ ቦታ አፈር፣ ጎርፍና ምስጥ ታስቦ ተሠርቷል? የጥገናው በጀት በማን ስም ተይዟል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ፣ አፈሩ ይነሳ።