ከሳሕን ላይ ቀለበት እስከ ሕሙማን አልጋ፦ ስለ ሜታል ኮምፕሌክሶች ፀረ ባክቴሪያ ምርምር

የሜታል አተምን ሊጋንድ ከሚባሉ ሞለኪውሎች ጋር አጣምሮ ፀረ ባክቴሪያ ውሕድ መሥራት በሀገራችን ኬሚስቶች ዘንድም ትኩረት አግኝቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የወጣው የሩቴኒየምና የፌናንትሮሊን ጥናት አንዱ ነው። በሌላውም ዓለም ኮባልት፣ መዳብና ዚንክ ከኒኮቲናማይድና ከኢሚዳዞል ጋር እየተጣመሩ ይሞከራሉ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት ዘመን ጥረቱ ሊበረታታ ይገባዋል፤ የብዙዎቹ ጽሑፎች መደምደሚያ ግን ከቀረበው ማስረጃ በላይ ነው።

መነሻ ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ራሱ በመሐሉ ኮባልት ያለበት፣ የኢሚዳዞል ቀለበት ያለው ሊጋንድም የያዘ የተፈጥሮ ኮምፕሌክስ ነው። ሜትሮኒዳዞል የኢሚዳዞል ዘር ነው፤ በቃጠሎ ቁስል ላይ የምንቀባው ሲልቨር ሰልፋዲያዚንም ያለ ብሩ ያው ተራ ሰልፋ ነው። ኒኮቲናማይድ የቲቢን ባክቴሪያ እንደሚገታ በ1945 እ.ኤ.አ. ከተገለጸ በኋላ በተደረገው ፍለጋ አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና በቅተዋል። አስኮ ውስጥ በቲቢ ክፍል የሚሠራ ነርስ በየማለዳው የሚያስውጣቸው ክኒኖች የዚያ ቫይታሚን የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች በእንስሳና በሰው ላይ ተፈትነው እንጂ በሳሕን ላይ ውጤት ብቻ ወደ እኛ አልደረሱም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች በዲስኩ ዙሪያ የሚታየውን ጥርት ያለ ቀለበት በሚሊ ሜትር ለክተው ውሕዳቸው ከሲፕሮፍሎክሳሲን እንደሚበልጥ ያውጃሉ። የቀለበቱ ስፋት ግን በዲስኩ ላይ በተደረገው መጠንና ውሕዱ በአጋር ውስጥ ባለው የመሰራጨት አቅም ይወሰናል። የተለመደው የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ 5 ማይክሮግራም ብቻ ይይዛል፤ በአጠገቡ ብዙ እጥፍ የሆነ ውሕድ አስቀምጦ ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባል። ባክቴሪያውን የሚገታው ዝቅተኛ መጠን በማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ካልተገለጸ ሐኪሙ የሚይዘው ነገር የለም። የሜታሉ ጨው ለብቻው፣ ሊጋንዱ ለብቻው፣ ማሟሚያውም ለብቻው መፈተን ነበረባቸው። ፌናንትሮሊን ብቻውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ የሰውንም ሴል ይጎዳል። ታዲያ የገደለው ኮምፕሌክሱ ነው ወይስ ከእርሱ የተለየው ሊጋንድ?

«ቫይታሚን» የሚለው ቃልም ሊያዘናጋን አይገባም። ሕመምተኞቻችን የቫይታሚን መርፌን እንደ በረከት ይቆጥሩታል፤ ኮባልት ግን በኒኮቲናማይድ ስለተከበበ ብቻ ለሰውነት የዋህ አይሆንም።

በጥንቃቄ መሥራት እንደሚቻል በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ያሳያል። ከተፈተኑት 906 ሜታል ያላቸው ውሕዶች 88ቱ ቢያንስ አንድ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ሲገቱ የሰውን ሴልም ሆነ ቀይ የደም ሴልን አልጎዱም። ይህ 9.7 በመቶ ያህል ሲሆን በዚያው የመረጃ ቋት ካሉት ሜታል አልባ ውሕዶች የተሳካላቸው 0.87 በመቶ ብቻ ናቸው። ተስፋው እውነተኛ መሆኑ የታወቀው መርዛማነትም አብሮ ስለተለካ ነው።

ለእኛ ሀገር የሚቀርበው መንገድ፣ እንደ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን፣ በቁስል ላይ የሚቀባ መድኃኒት ይመስለኛል። በደም ሥር ከሚሰጥ መድኃኒት ይልቅ ወደ ሰውነት የሚገባው ሜታል ያንሳልና። ለዚህ ግን ውሕዱ በንጹሕ አጋር ላይ ሳይሆን መግልና ሴረም ባለበት፣ ከየሆስፒታሉ ሕሙማን ቁስል በተወሰዱ ባክቴሪያዎች ላይ መሞከር አለበት። ናሙናው ያለው በእኛ በሐኪሞች እጅ ነው፤ ኬሚስቶቹም ውሕዱን ከመሥራታቸው በፊት ቢጠይቁን መልካም ነው።