ይጮኻል እንጂ አይሄድም

«ማርሹ አልቀይር አለኝ» ተብሎ ጋራዥ የሚገባው አውቶማቲክ ስኩተር፣ በአብዛኛው የሚቀየር ማርሽ የለውም። ያለው ሁለት ፑሌጃ፣ በመካከላቸው የሚሽከረከር አንድ ቺንጋ፣ ከኋላ ደግሞ ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ሲፈጥን የፊተኛው ፑሌጃ እየጠበበ ቺንጋውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የኋለኛው ደግሞ እየሰፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አሽከርካሪው «ቀየረ» የሚለው ይህን መንሸራተት ነው።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከካምቢዮ ሳይሆን ከአሽከርካሪው አንደበት ነው። ዘነበወርቅ ላይ፣ ከአለርት ሆስፒታል አካባቢ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ወደ አየር ጤናና ወደ መካኒሳ ዕቃ ጭነው ሲመላለሱ የሚውሉ ልጆች ብልሽቱን የሚገልጹባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ግን ከመሣሪያ ያላነሰ ይጠቅማሉ። «ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ያለው አንድ በሽታ ነው። «አቀበት ላይ ይታፈናል» ያለው ሌላ ነው። «ሲነሳ ይንቀጠቀጣል» ያለው ደግሞ ሦስተኛ። ጥሩ መካኒክ ሦስቱን ሳይለይ ብሎን አይፈታም።

መለያው የሞተሩ ድምፅና የሞተር ሳይክሉ ፍጥነት አብረው መሄድ አለመሄዳቸው ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ዙሩ ወደ ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ፣ ኃይሉ በመንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ ቺንጋው ወይም ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ግን ፑሌጃውና ቺንጋው ያገኙትን ኃይል እያስተላለፉ ነው፤ ያነሰው የሚሰጣቸው ኃይል ነው። ይህንን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ አቀበት፣ ጆሮና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማዕከላዊ መቆሚያው ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ የኋላ ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ይገባል። የያዘ ፍሬንና ነፋሱ የጎደለ ጎማ ስንት ጤነኛ ቺንጋ አስለውጠዋል!

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ እሱም አየሩ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ኃይሉ ይቀንሳል። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለምትወርድ ከዘነበወርቅ ወደ ሰሜን መንዳት ይብዛም ይነስም ሽቅብ መሄድ ነው። ለጠረፍ ከተሞች ተስተካክሎ የመጣ 110 ወይም 125 ሲሲ ስኩተር ሁለት ሰው ወይም አንድ ትልቅ ካርቶን ተጭኖበት አቀበት ሲገጥመው ቢታፈን፣ ምንም ዓይነት ብልሽት ላይኖርበት ይችላል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ረቀቅ ይላል። በፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ፣ በብዙዎቹ ስኩተሮች ላይ ስድስት ትናንሽ ክብደቶች አሉ፤ ሮለር ይባላሉ። ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ እየተገፉ ፑሌጃውን የሚያጠብቡት እነሱ ናቸው። ከኋለኛው ፑሌጃ ጋር ያለው ሞላና ሰያፍ ቦይ ደግሞ ጭነት ሲበዛ ቺንጋውን ወደ «ዝቅተኛ ማርሽ» መልሶ ይስበዋል፤ ይህ መልሶ የመሳብ ጉልበት ግን ከሞተሩ ጉልበት የሚመጣ ነው። በሳሳ አየር ሞተሩ ሲደክም መልሶ መሳቡም ይደክማል፤ ሮለሮቹ ያለ ጊዜያቸው ያሸንፋሉ፤ ስኩተሩም አቀበቱን ጉልበት በሌለው ዙር ለመውጣት ይታገላል። መፍትሔው አዲስ ቺንጋ አይደለም። እያንዳንዱን ሮለር በግማሽ ወይም በአንድ ግራም ማቅለል ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲቀል ግን ሞተሩ ሜዳ ላይም መጮኽና ቤንዚን መፍጀት ይጀምራል። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ይቀድማል፤ በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ አየሩ ከሚችለው በላይ ቤንዚን እየገባ ነውና የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛ ይለወጣል። የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ኢንጀክሽን ቅልቅሉን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም።

ሽፋኑ ከተከፈተ በኋላ ከሚደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ደስ የሚለው የእስክርቢቶው ነው። በፊተኛው ፑሌጃ ገጽ ላይ ከመሃል እስከ ጠርዝ በወፍራም ማርከር አንድ መስመር ይሰመራል፤ ሽፋኑ ተመልሶ ስኩተሩ ሜዳ ላይ እስከሚችለው ፍጥነት ይነዳል፤ ከዚያ እንደገና ይከፈታል። ቺንጋው የደረሰበትን ሁሉ አጥፍቶታል። ቀለሙ ጠርዙ ጋ ብዙ ከተረፈ ቺንጋው ወደ ውጭ መውጣት አቅቶታል፤ ወይ ወርዱ በልቷል፣ ወይ ሮለሮቹ በአንድ ጎናቸው ተልጠው ቦያቸው ውስጥ ይሰነቀራሉ። የቺንጋው ወርድ በካሊፐር ይለካል፤ ከአዲሱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢያንስ እንኳ የፍጥነት ጣሪያው በግልጽ ይወርዳል። አምራቾች ቺንጋ እንዲለወጥ የሚመክሩት እንደየሞዴሉ ከ10,000 እስከ 24,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭኖ ለሚውል ሞተር ሳይክል ግን የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ብቻ ማመን አደገኛ ነው። መንገድ መሃል የተበጠሰ ቺንጋ ፑሌጃው ላይ ተጠምጥሞ የኋላ ጎማን ሊቆልፍ ይችላል።

ሲነሳ መንቀጥቀጡ የፍሪሲዮን ጉዳይ ነው። ሸራዎቹ ተቃጥለው እንደ መስታወት ይለሰልሳሉ፣ ወይም ከኋላ ካለው ጥርስ ቤት ዘይት አፈትልኮ ይነካቸዋል፣ ወይም የሚይዙበት የብረት ደወል ክብነቱን ያጣል። ለስላሳውን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ለጊዜው ይበቃል፤ ዘይት የጠጣው ግን መለወጥ አለበት። አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት ለመካኒኩ ሳንባ ጎጂ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ቆሞ ሳለ ወደ ፊት የሚሳብ ስኩተር ደግሞ መጀመሪያ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው የሚሽከረከርበት ዙር፣ ይታያል። ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,500 ዙር ባለው ውስጥ ነው፤ ሚኒሞው ወደዚያ ከተጠጋ ወይም የሸራዎቹ ትናንሽ ሞላዎች ከላሉ መብራት ላይ ፍሬን ይዞ መታገል ይመጣል።

እውነተኛ ማርሽ ኖሮት የእጅ ፍሪሲዮን የሌለው ዘርም አለ። የዚህ ቤተሰብ አባት ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ሱፐር ካብ ነው፤ አንድ እጁ በዕቃ የተያዘ አመላላሽ እንዲነዳው ታስቦ ስለተሠራ ግራ እጅ ላይ ፍሪሲዮን የለውም። የእግር መቀየሪያው ሲረገጥ ማርሹም ፍሪሲዮኑም በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ላይ «ማርሽ እየዘለለ ይመታኛል» ለሚለው ቅሬታ ካምቢዮ ከመክፈት በፊት በቀኝ በኩል ባለው ሽፋን ላይ ያለውን ማስተካከያ መፈተሽ ነው። ዳዶው ይላላል፤ ብሎኑ ወደ ግራ በቀስታ ተዞሮ እምቢ ሲል ይቆማል፤ ከዚያ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ወደ ቀኝ ተመልሶ ዳዶው ይጠበቃል። ከአቀማመጡ ካለፈ ፍሪሲዮኑ ወይ አይለቅም ወይ ይንሸራተታል።

በዚህ ዘር ላይ ዘይቱም ምስክር ነው። ፍሪሲዮኑ የሚኖረው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ለመኪና የተሠራና ማንሸራተቻ የተጨመረበት ዘይት ሲገባበት መያዝ ያቅተዋል፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ግድ ነው። ለስኩተር ይህ አያሳስብም፤ የእሱ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በቪኤፍአር1200ኤፍ የጀመረው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ዘነበወርቅ ላይ እንደልብ የሚገኝ አይደለም፤ የምርመራው አካሄድ ግን ያምራል። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉዎቹን ስለሚይዝ፣ ሁለተኛና አራተኛ ላይ ብቻ የሚንሸራተት ሞተር ሳይክል ገና ሳይፈታ የትኛውን ወገን መመልከት እንደሚገባ ተናግሯል።

የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ሳይክሎች ከከተማዋ ካገደ ወዲህ አስፋልቱ ላይ ጎልተው የሚታዩት የሥራ ሞተሮች ናቸው። ባለቤቱ የሚበላው ሞተሩ ሲሄድ ነውና «ለውጠውና ልሂድ» ይላል። መካኒኩን ወደ ግምት የሚገፋው ይህ ችኮላ ነው፤ ግምቱ ሲስት ግን የአንድ ቺንጋ ዋጋ የሚከፍለው ያ አመላላሽ ልጅ ነው። አምስት ደቂቃ አብሮት አቀበት ወጥቶ መስማት ለእሱ የሚደረግ ትልቅ ውለታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ መጓጓዣ የሚወራው በዝቷል፤ ባለ ሁለት እግር ኤሌክትሪኮችም ከተማው ውስጥ ይታያሉ። ሞተራቸው ጎማው ውስጥ የተቀበረው ቺንጋም ፍሪሲዮንም የላቸውም፤ የሳሳ አየርም አይነካቸውም። እነሱም አቀበት ላይ ሲደክሙ ግን ቅሬታው «አይስብም» ነው፤ ያኔ የሚጠየቀው የባትሪው ቮልት በጭነት ጊዜ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው፤ እሱም የሚለካው እዚያው አቀበቱ ላይ ነው።