ደም ለማይፈስበት ዘመቻ የቀረበ ውዳሴ

ከኒሯቅ፣ ከዋግ አበርገሌ ቆላ፣ ተከዜ ገደሉን ሰንጥቆ ከሚወርድበት አገር ይህ ውዳሴ ይድረሳችሁ! እናንተ የአባቶቻችሁን ጎፈር ደፍታችሁ፣ ጋሻቸውን አንግታችሁ፣ ሳትወለዱ ያለፈውን ጦርነት ዳግመኛ የምትዘምቱ፤ ነጋሪት ሳይጎሰምላችሁ የከተታችሁ፣ ሹመትና ርስት ሳይጠብቃችሁ የተጓዛችሁ፣ ፎክራችሁ ማንንም ሳታቆስሉ ወደየቤታችሁ የምትመለሱ፤ ክብር ይገባችኋል። የሞተ ጀግና ራሱ ቆሞ አይመሰክርም። እናንተ እግራችሁንና ድምፃችሁን አበደራችሁት።

አስቀድሜ እግረኞቹን ላወድስ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በእግራችሁ ዓድዋ የምትገቡ የጉዞ ዓድዋ ተጓዦች፣ መንገዳችሁ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣርማበርን ወጥታችሁ፣ በደሴና በወልድያ አልፋችሁ፣ አምባላጌን ተሻግራችሁ የምትሄዱትን መንገድ መኪና ያለው ሰው እንኳ ሳይማረር አይሄደውም። ተረከዛችሁ ውሃ ይቋጥራል፤ ማታ ካረፋችሁበት ደጅ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው በትናችሁ እግራችሁን ትነክራላችሁ፤ አንዱ መርፌ በእሳት ለብልቦ የጓደኛውን እግር ያፈሳል፤ ጠዋት ደግሞ ያው እግር ያው ጫማ ውስጥ ይገባል። ዓፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን በመስከረም 1888 አስነግረው ጦሩ የተፋለመው በየካቲት ለምን እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት መምህር ሰሌዳ ሙሉ ይጽፋል። እናንተ ግን ዳገቱ መሐል ቆማችሁ ትንፋሽ ስታጡ ገብቷችኋል። እናንተ የያዛችሁት ብርድ ልብስና አንዲት ቦርሳ ነው። በ1888 ግን 100,000 ያህል ሰው ድንኳኑን፣ መድፉን፣ ወፍጮውንና እህሉን በአጋሰስና በሰው ጀርባ ጭኖ፣ ምድጃ የሚያነዱ፣ በሶ የሚበጠብጡ፣ ቁስለኛ የሚያነሡ ሴቶችን አስከትሎ ነበር የወጣው። ዓድዋ ሲደርስ ስንቁ እየተሟጠጠበት እንደነበር መጻሕፍቱ ይነግሩናል፤ የተራበ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ግን ከእናንተ በቀር የሚያስረዳን ማን አለ?

ከእግረኛው ቀጥሎ ፈረሰኛው ይመስገን። የእኛ የዋግ ሰው ኽምጣኛ ይናገራል፤ የአዊ ወንድማችን አዊኛ ይናገራል፤ ሁለታችንም ከአንድ የአገው ግንድ የበቀልን ነንና በፈረሳችሁ ብንኮራ አይፈረድብን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዓድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በያመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። ፈረሱ ግላሱን ለብሶ፣ አንገቱ በልዩ ልዩ ቀለም ጌጥ ደምቆ ሲመጣ ማየት የሠርግ ቤት ያስረሳል። ጉግሱ ሲጀመር ግን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይጠፋል፦ ከፊሉ ይሸሻል፣ ከፊሉ ያባርራል፤ አባራሪው እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ ሳያይ፣ በኮቴው ድምፅ ብቻ ርቀቱን ለክቶ፣ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። ዘንጉ ጋሻው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ የሕዝቡን እልልታ ያስነሣል። ኢትዮጵያዊ ጦርነትን በሜዳ ማስመሰልን ከማንም አልተዋሰም፤ ጉግስ እያለ ምን ብሎ ይዋሳል?

ሦስተኛው ምስጋና ለፎካሪው ነው። በዓድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23፣ አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ የወረደ ሰው ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀው ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ግርጌ አንስቶ እስከ ምኒልክ ሐውልት ድረስ መንገዱ በለምድና በጋሻ ይሞላል፤ አስተማሪው፣ ባለ ሱቁ፣ ታክሲ ነጂው ሁሉ ለአንድ ቀን አርበኛ ነው። ፎካሪው ወዲያው አይጮኽም። መጀመሪያ ክቡ መሐል ገብቶ ዝም ይላል፤ ጦሩን መሬት ላይ ሰክቶ ዙሪያውን ያያል፤ ዐይኑ ቀስ እያለ ይቀላል። ከዚያ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርግና «ዘራፍ!» ሲል ከፊቱ የቆመው ሕፃን የእናቱን ነጠላ ይይዛል። የአያቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ቦታ እየጠራ ይንጎራደዳል፤ ጦሩን ይሰብቃል፤ አፈር ይረግጣል። ሲጨርስ የሚጠርገው ላብ እውነተኛ ነው። ወዲያውም ለምዱን አስተካክሎ፣ ጦሩን በሌላ እጁ ይዞ፣ ከጎኑ ላለው ሰው «ውኃ ትቀዳልኛለህ?» ይላል። እኔ ከሰልፉ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ቅጽበት ነው።

ሌላውም ዓለም ይህን ልማድ ያውቀዋል። በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዋተርሎ ጦርነት 200ኛ ዓመት ሲከበር ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች የዘመኑን የደንብ ልብስ ለብሰው ቤልጅየም ሜዳ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ፖላንዶችም ግሩንቫልድ ላይ በያመቱ ሐምሌ በሰይፍና በጥሩር ይገናኛሉ። እነሱ ግን ሁለቱንም ወገን ይጫወታሉ፤ ናፖሊዮንን የሚሆንም፣ እንግሊዙን የሚሆንም አይታጣም። እኛ ዘንድ ጣልያን የሚሆን ሰው ይጠፋል! በትምህርት ቤት ተውኔት የጣልያኑን አዛዥ ባራቲየሪን ሁን የተባለው ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ነው መድረክ የሚወጣው፤ እናቱም ቤት ስትገባ «ምነው ለልጄ ይህን ሰጡት?» ትላለች። ባልቻ አባ ነፍሶ የሚሆነው ግን በሰልፍ ይጠብቃል። ለዚያ ፊቱን ላጠቆረው ልጅ ምስጋናው እጥፍ ይሁን። እሱ ካልወደቀ ማንስ ያሸንፋል?

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ፤ ዋግ ከዓድዋ ጋር ያለው ጉዳይ ከ1888 ይቀድማልና። የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ከዓድዋ አጠገብ አሰም ወንዝ ላይ ከትግሬው ካሣ ምርጫ ጋር ገጠሙ። የንጉሡ ጦር እጅግ ይበዛ ነበር፤ ካሣ ግን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠብመንጃ ነበራቸው። የዋግ ንጉሥ ተማርከው ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ካሣም ዓፄ ዮሐንስ ተባሉ። በትውፊት በንጉሥ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ያለው የዋግሹም ቤት ዓድዋን በዚያ መልኩ ነበር የሚያውቃት። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ያንኑ ምድር ረገጡ። በጎናቸው ማን ቆመ? የዓፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ። የአሸናፊው ልጅና የተሸናፊው አገር ጦር በአንድ ረድፍ ወደ አንድ ጠላት አነጣጠሩ። ከዓድዋ ታሪክ ሁሉ ይህ ለእኔ ትልቁ ነው፤ ቂም ያልረሱ ሰዎች ቂማቸውን ለአንድ ቀን አስቀምጠው መዋላቸው። ነገር ግን በዳግም ዘመቻው ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ፣ ባልቻ መድፉን ሲይዙ፣ ጣይቱ መቀሌ ላይ ውሃውን ሲያስይዙ እናያለን፤ የዋግሹሙን ሰንደቅ አናይም። ወቀሳ አይደለም፤ ያልተናገረ ቤት አይጠራም። ተናጋሪ የጠፋው ከእኛ ነው፤ ዋግሹሞቻችን ሬሳቸው እንኳ ደርቆ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ከሰቆጣ አጠገብ ተጠብቆልን ሳለ!

ደግሞም ድል ብቻ አይዘመትም። ከኒሯቅ ማዶ ተምቤን ላይ ከየካቲት 19 እስከ 21 ቀን 1928 የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር በፋሽስት ጣልያን አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ተመቶ ተበተነ፤ የዓድዋ ድል 40ኛ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው። ያንን የሸሸ፣ የታፈነ፣ ዐይኑ የተቃጠለ ወታደር ማን ሊሆንለት ይወዳል? ጎፈር የለውም፤ እልልታም የለውም። የዋግሹም ከበደን ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደንስ? ጠላት አገር ይዞ ሳለ አምፀው ተዋግተው በመስከረም 1930 ወደቁ፤ ፋሽስቶቹም አንገታቸውን ቆርጠው በአደባባይ ለሕዝብ አሳዩት። ያ ሕዝብ የኛ ሕዝብ ነበር። ይህን በሜዳ ማሳየት ይከብዳል። ግን ያለዚህ የአርበኝነት ትርዒት ጎፈርና ከበሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለሚያሳዩትም ለሚያዩትም ይህ አይበቃቸውም።

እናንተ ከሩቅ የምትመጡ እንግዶች አንድ ነገር እወቁልን። አበርገሌ ከጥቂት ዓመታት በፊት እውነተኛውን ጦርነት አይታለች፤ ሕዝቧ ቀዬውን ጥሎ፣ ፍየሉን በትኖ፣ ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ከርሟል። እዚህ አገር በበዓል ቀን ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደስታ አያበዛም፤ ሕፃን አልጋ ሥር ያስገባል። ለዚህ ነው ዘንግ ይዞ የሚዘምተውን ጠብመንጃ ይዞ ከሚተኩሰው አስበልጬ የማከብረው። ጠብመንጃ ያለው ሰው ድፍረቱን ከአፈሙዙ ይበደራል፤ ዘንግና ጋሻ የያዘው ግን የአባቱን ድፍረት ከራሱ ጉልበት ማውጣት አለበት። ውዳሴዬ ለእሱ ነው፤ ለባለ ተኩሱ አይደለም፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

ስለዚህ የዋግ ልጆች ሆይ፣ ሰቆጣም ሆናችሁ ጻግብጂ፣ ዝቋላም ሆናችሁ ኒሯቅ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ባሕር ማዶ፣ ልመና አለኝ። ከየካቲት 23 በፊት ወደ አባባና ወደ እማማ ሂዱና ከዋግሹም ጓንጉል ጋር የዘመተው የቤታችሁ ሰው ማን እንደነበረ፣ የፈረሱን ስም፣ የፉከራውን ስንኝ ጠይቁ፤ ሳይሞቱ ጻፉት። ጋሻና ለምድ ያለው ያውርሳችሁ፤ የሌለው ከእንጨትና ከቆዳ ይሥራላችሁ። ተማሪዎች አሰም ወንዝንም፣ ተምቤንንም፣ ደጃዝማች ኃይሉንም በተውኔታችሁ ሜዳ ላይ አቁሙ። ከዚያም በምኒልክ አደባባይ ሰልፉ ሲወጣ የዋግሹሙን ሰንደቅ ይዛችሁ ከወሎውና ከትግራዩ፣ ከሸዋውና ከጎጃሙ ጎን ቁሙ፤ ቦታችሁ ባዶ ነውና።