ሁለቴ የመጣው 7፡30

አትላንታ ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ከካርድ ክፍያ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከተማዋና እንደ አልፋሬታ ያሉት የሰሜን ጎረቤቶቿ የክፍያ ኩባንያዎች መናኸሪያ ናቸው፤ አካባቢውን «ትራንዛክሽን አሊ» የሚሉትም ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በካርድ ከሚከፈልባቸው አሥር ጊዜያት ሰባቱ በጆርጂያ ኩባንያዎች በኩል ያልፋሉ እየተባለ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ይወራል። እኔም ከዚያ ጎርፍ ጥቂቷን የሚያሳልፍ ኮድ ስጠብቅ እውላለሁ። ተረኛ ስሆን ደግሞ አድራለሁ፤ ስልኬ ትራሴ ሥር ነው።

አንድ የኖቬምበር እሑድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። የቀኑን ሽያጭ ሰብስቦ ወደ ባንክ የሚልከው ፕሮግራም የአንዳንድ ነጋዴዎችን ሒሳብ እጥፍ አድርጎ ልኮታል። ኮዱ የተጻፈው እኔ ሳልቀጠር በፊት ነው፤ የጻፈውም ሰው ከለቀቀ ቆይቷል። ሎጉን ከፍቼ መስመር በመስመር ወረድኩ። 7፡30 ላይ ሥራው ተጀመረ፤ 7፡41 ላይ አለቀ፤ 7፡59 ላይ ምንም የለም። ቀጣዩ መስመር ግን 7፡00 ይላል። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1፡00 ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ያም ሆነ ይህ ሰዓቱ ወደኋላ ሄዷል። ዝቅ ስል ያው 7፡30 እንደገና መጣ፤ ፕሮግራሙም እንደ ታዘዘው እንደገና ተነሣ።

እዚህ አገር በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ወደ 7 ይመለሳል። በማርች ሁለተኛ እሑድ ደግሞ ከ8 ወደ 9 ይዘላል፤ የዚያን ሌሊት 8፡30 የሚባል ነገር የለም። ያች የ7፡00 መስመር ዓይኔ ላይ ስትወድቅ የተሰማኝን ደስታ ለቤተሰቤ ማስረዳት አቅቶኛል። ገንዘቡ ገና አልተመለሰም፣ እንቅልፌም ሄዷል፤ እኔ ግን ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ፕሮግራሙ በአትላንታ ሰዓት መነሣቱ ቀርቶ ወቅት በማይቀይረው በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲነሣ፣ ባንኩ ጋ ከመድረሱም በፊት የአንድ ነጋዴ የአንድ ቀን ሒሳብ ሁለተኛ ከመጣ እንዲመለስ ማድረግ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሰዓቱ ቢስተካከልም ሌላ ነገር ሥራውን ሁለቴ ሊያስነሣው ይችላልና።

ሰዎች የሥራውን ምሬት ሲጠይቁኝ ኮምፒውተሩ የሚያስቸግረኝ ይመስላቸዋል። እሱስ ያሉትን ይሠራል። የሚያስቸግረው ሰው «ይሄማ የታወቀ ነው» ብሎ ያለፈው ነገር ነው። ሰዓት የታወቀ ነው፣ የልደት ቀን የታወቀ ነው፣ ስም የታወቀ ነው፤ ኮድ ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱም የታወቀ አይደለም። አዲስ አበባ ካሉ ባልደረቦቻችን ጋር እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምናደርገው ስብሰባ ለእነሱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰዓት፣ የቀረውን 11 ሰዓት ላይ ይውላል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ነክተው አያውቁም። የጆርጂያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዓቱ ወደፊት እንደተገፋ እንዲቀር ሕግ አውጥቷል፤ ኮንግረስ ካልፈቀደ ግን ተግባር ላይ አይውልም። ሴኔቱ በ2022 እንዲህ ያለ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ ተወካዮቹ ጋ ሲደርስ ቀረ። ፖለቲካ አልወድም፤ ይህን ለሚያስጨርስ ግን ፓርቲውን ሳልጠይቅ እመርጣለሁ።



የልደት ቀን ነገርማ የእኛው ጉዳይ ነው። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ፊት ሲቆም ወይ ይቀየርለታል ወይ ይሳሳትበታል። ቀኑን በውል ያላወቀ ስደተኛ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል፤ በእኛ ሰው መካከል በፈረንጅ አዲስ ዓመት የተወለደ የሚበዛው በዚህ ነው። የአባት ስምም «የቤተሰብ ስም» ሳጥን ውስጥ ይገባና ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይሆናሉ።

ክላርክስተን አካባቢ የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን የአባላቱን መዝገብ በደብተር ይይዝ ነበር፤ ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱን የሚይዙት እናት «ኃይሉ» ብለው ሲፈልጉ ሰውየው የለም፤ «ሀይሉ» ተብሎ ነዋ የተጻፈው። «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ ሰው ይውጣል» አሉኝ።

ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ቤተሰቡም ከነዘሩ በስምንት ስምንት መቀመጫ ተደርድሯል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ ጥንድ በጥንድ በሠንጠረዥ ልጽፍ ተቀምጬ ሳለ ቁጥሮቹን አየሁ። ሐ ከሀ 16 ይርቃል፤ ሑም ከሁ 16፤ ሒም ከሂ እንዲሁ። ኀ ከሀ 128፣ ዐ ከአ 48፣ ፀ ከጸ 8 ይርቃል። ሠ ብቻ ከሰ 16 ቀድሞ ስለተቀመጠ ለእሱ መደመር ነው፤ የቀሩት መቀነስ። ያ ሁሉ ሠንጠረዥ አምስት መስመር ሆነ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ለሆነው ለሀና ለሃ፣ ለአና ለኣ አንድ መስመር ጨመርኩና አበቃ። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ ሰው ስሙን በጻፈበት ፊደል ይነበባል። «አንዱን ፊደል መርጠን ሁሉንም እናስተካክል» ያለኝ ወዳጅ ነበር፤ ሰው በገዛ ስሙ ላይ ሲታረም ዝም ይላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ቅዳሜ ሄጄ አሳየኋቸው። ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኃይሉ፤ በሦስቱም ሰውየው ወጣ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ 16ና ስለ 128 ልነግራቸው አፌን ስከፍት «ደግ፤ በል እንግዲህ የመስቀልን ተራ ዝርዝር አትምልኝ» አሉ። ማተሚያው ቀለም ጨርሷል። ኮምፒውተር የተማረ ሰው ካለ ማተሚያ የሚጠግነው እሱ መሆኑ በየዘመዱ ቤት የታወቀ ስለሆነ፣ ቀለም የሚሸጥበትን ሱቅ ልፈልግ ወጣሁ።