ለእንዝርት የሚስማማ በግ፦ የናቫሆ ቹሮ ዝርያ እና «የማሻሻል» ጥያቄ

ስለ ብርቅዬ የቤት እንስሳት ሲጻፍ ቁጥር ይቀድማል፤ ስንት ቀሩ፣ ስንት ተወለዱ ይባላል። ይህ ዳሰሳ ግን የአንድን የበግ ዝርያ ዋጋ ከሁሉ በፊት ሊመዝን የሚገባው ጠጉሩን የሚፈትለው እጅ ነው ብሎ ይከራከራል። ማስረጃው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ የሚያረባው ቹሮ ነው።

ቹሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ካመጧቸው በጎች የተገኘ ነው። ጠጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ ውሃ በሚቸግርበት ምድር ብዙ መታጠብ አያሻውም። ፈታይዋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያንከባለለች ለምንጣፍ የሚሆን ብርቱ ክር ታወጣለች። ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ከበጉ ይገኛል። ቢጫው የበረሃ ቁጥቋጦ አበባ ተቀቅሎ ይወጣል፤ ሰማያዊው ከነጋዴ ከሚገዛ ኢንዲጎ ነው። ቀዩን ለማግኘት ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸማኔዎች ባዬታ የተባለውን የውጭ ጨርቅ ተርትረው ክሩን መልሰው ይሠሩበት ነበር። ያው ቀለም ነጭ ጠጉር ላይ ሲያርፍ ይደምቃል፣ ግራጫ ላይ ሲያርፍ ይጠቁራል። ስለዚህ የማቅለም ሥራ ከበረት ይጀምራል።

ይህን የበግና የሸማኔ ትስስር የበጠሰው የአሜሪካ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ሕዝቡ በጦር ኃይል ከአገሩ ተጋዘ፤ ወደ አገሩ በመለሰው የ1868 ውል 15,000 በግና ፍየል እንዲሰጠው ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ሥጋና ቀጭን ሱፍ ለመጨመር ራምቡዬ የተባለ ዝርያ አውራ በጎች ገቡ። የዲቃሎቹ ጠጉር ቅባታምና ጥቅልል በመሆኑ የእጅ ፈታዮችን አስቸገረ። በ1930ዎቹ የግጦሹ መራቆት እውነተኛ ችግር ነበር፤ መፍትሔው ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳትን ከባለቤቶቻቸው መንጠቅ ሆነ። ያው መንግሥት በ1935 ፎርት ዊንጌት ላይ ለሽመና የሚሆን በግ የሚፈልግ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። ቀደም ሲል የተደረገው «ማሻሻል» ሸማኔዋን እንደዘነጋ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። በ1970ዎቹ የቀሩት ቹሮዎች ከ500 በታች ነበሩ። በ1977 ተመራማሪው ላይል ማክኒል የጀመሩት ፕሮጀክት የተረፉትን ሰብስቦ ማራባትና ወደ ናቫሆ ቤተሰቦች መመለስ ያዘ። የሥራው ትልቅነትም በዚህ መመለስ ላይ ነው፤ በጉ እንዝርት ወዳለበት ቤት ገብቷል።

ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። በመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ባና ይሸምናሉ። የመንዝን በግ አዋሲ ከተባለው የውጭ ዝርያ ጋር የማዳቀል ሥራም በደብረ ብርሃን ለዓመታት ተካሂዷል። የቹሮ ታሪክ ለዝርያ መራጮቻችን የሚለው ግልጽ ነው፤ አውራ በግ ሲመረጥ ሚዛን ብቻ አይበቃም፣ ፈታይዋም ጠጉሩን በጣቷ ዳስሳ ትፍረድ።